«ናኖ» እየተባለ የሚሸጠው ሁሉ ምንድነው? የሚያውቅ ያስረዳን

የጎፋው_ልጅ
ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን «ናኖ» የሚለው ነገር ከጆሮዬ አልወጣ አለ። ስልክ ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ ገባሁ፣ «የብርጭቆ ፕሮቴክተር ቀርቷል፣ አሁን ያለው ፈሳሽ ናኖ ነው» ብለው ስክሪኔን በጠብታ ቀብተው ብሩን ተቀበሉኝ። መኪና እጥበት ሄድኩ፣ «ናኖ ሴራሚክ እናልብስልህ፣ አምስት ዓመት ጭረት አያውቅም» አሉኝ። እህቴ ደግሞ ፀጉሯን ናኖፕላስቲያ ልትሠራ ቀጠሮ ይዛለች። እንደው ይሄ ነገር ሳይንስ ነው ወይስ የነጋዴ ቋንቋ? ስፈልግ የሚመጣልኝ ወይ በእንግሊዝኛ ፎርሙላ የተሞላ ነው፣ ወይ ቲክቶክ ላይ ዕቃ የሚሸጥ ሰው። እንደ ሰው የሚያስረዳኝ ካለ ቡና እጋብዛለሁ። ፎርሙላ የሚጽፍብኝን ግን አላነብም 😂

ብርሌ
ወንድሜ ሁለቱም ነው። ሳይንሱ እውነት ነው፣ ነጋዴውም እውነት ነጋዴ ነው። ኬሚስትሪ ላብራቶሪ ውስጥ ስለምሠራ ልሞክር።

አንድ ሜትር ለአንድ ቢሊዮን ቢከፈል አንዷ ቁራጭ ናኖሜትር ናት። የራስ ፀጉርህ ውፍረት ከ80 ሺህ እስከ 100 ሺህ ናኖሜትር ይሆናል። የዲ ኤን ኤ ክር ደግሞ ውፍረቷ 2 ናኖሜትር ገደማ ነው። ናኖቴክኖሎጂ የሚባለው በግምት ከ1 እስከ 100 ናኖሜትር ባለው መጠን ዕቃ ሠርቶ መጠቀም ነው። ትንሽነቱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ማንም ጉዳዬ ባላለው። ነገሩ የሚጣፍጠው እዚያ መጠን ላይ ሲደርስ ዕቃው ጠባዩን ስለሚቀይር ነው።

አንዱ ምክንያት ገጹ ነው። ያልተወቀጠ የቡና ፍሬ ጀበና ውስጥ ብትከት ቀኑን ሙሉ ብታፈላው ረብ ያለው ነገር አይወጣህም። ተወቅጦ ሲገባ ግን ወዲያው ይጠቁራል። ቡናው ያው ቡና ነው፣ ውሃ የሚነካው ገጹ ነው የበዛው። ናኖ ላይ ሲደረስ ይሄ ነገር እስከ ጥግ ይሄዳል፤ ከአተሞቹ ብዙዎቹ ከውስጥ ሳይሆን ውጭ ገጽ ላይ ይገኛሉ፣ ገጽ ላይ ያለ አተም ደግሞ ከሌላ ነገር ጋር ለመያያዝ የቸኮለ ነው።

ሌላው ምክንያት ብርሃን ነው። የጋብቻ ቀለበት ቢጫ ነው አይደል? ያው ንጹሕ ወርቅ 20 ናኖሜትር ያህል ደቅቆ ውሃ ውስጥ ሲንሳፈፍ ግን ቀይ ነው። ቀይ ቀለም ተጨምሮበት እንዳይመስልህ፣ ወርቁ ራሱ ነው የቀላው። በዚያ መጠን ላይ የወርቁ ኤሌክትሮኖች ከብርሃኑ ጋር አብረው ይወዛወዙና አረንጓዴውን ክፍል ይውጡታል፣ ዓይንህ ጋ የሚደርሰው ቀዩ ነው። ማይክል ፋራዳይ የሚባል እንግሊዛዊ ሳይንቲስት በፈረንጅ አቆጣጠር በ1857 ይሄንን ቀይ ወርቅ አዘጋጅቶ ቀለሙ የመጣው ከቅንጣቶቹ ደቃቅነት ነው ብሎ ነበር፣ ቅንጣቶቹን የሚያይበት መሣሪያ ሳይኖረው። ከእሱ በፊትም በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሮማውያን ሊከርገስ የሚባለውን የመስታወት ዋንጫ ሠርተዋል። አሁን ለንደን ብሪቲሽ ሙዚየም ነው ያለው። ብርሃን ከፊት ሲያርፍበት አረንጓዴ ይመስላል፣ ከኋላ ሲበራበት ቀይ ይሆናል። መስታወቱ ውስጥ እጅግ ደቃቅ የወርቅና የብር ቅንጣት አለ። ምን እንደሠሩ በደንብ የሚያውቁ አይመስለኝም፣ ግን ሠሩት።

ገጽ ላይ ያሉ አተሞችን አንድ በአንድ ለማየት ትልቁ እርምጃ የመጣው በ1981 ነው። ዙሪክ ያሉ ሁለት የኮምፒውተር ኩባንያው የአይ ቢ ኤም ተመራማሪዎች፣ ቢኒግ እና ሮረር፣ ገጽን በጣም በሾለ መርፌ እየዳሰሰ የሚያነብ ማይክሮስኮፕ ሠሩ፣ በ1986 ኖቤል ወሰዱበት። ከዚያ ወዲህ ነው መስኩ የተስፋፋው።

ለአንተ የሚጠቅምህ ይሄ ነው። «ናኖ» የሚልህን ሻጭ ሁለት ነገር ጠይቀው። ቅንጣቱ ምንድነው? ደግሞስ ከዕቃው ጋር ተጣብቆ የቀረ ነው ወይስ ልቅ ሆኖ የሚበን፣ የሚታጠብ? መጀመሪያውን ካልመለሰልህ ብርህን ኪስህ አቆየው።

ፍልቅልቋ
ቆንጆ ነው ብርሌ። ግን እኔ የሮማ ዋንጫ ነክቼ አላውቅም። በእጄ የነካሁት፣ ቤቴ ያለ ነገር ንገረኝ።

ጎሚስታ
እኔ ልመልስ፣ ምክንያቱም ሲነገር አይሰማም። ጎማ። ጎማ ለምን ጥቁር ሆነ ብለሽ ታውቂያለሽ? ላስቲክ ከዛፉ ሲወጣ ነጣ ያለ ነው። የሚያጠቁረው ካርቦን ብላክ የሚባል ጥላሸት ነው፣ ፋብሪካ ውስጥ ዘይት በተመጠነ አየር እየተቃጠለ የሚሠራ። ያ ጥላሸት ባይጨመርበት መንገድ ላይ ቶሎ ያልቃል፣ ይላጣል። በአንድ ጎማ ውስጥ ከክብደቱ ሩብ ገደማ ይሄው ነው።

ብርሌ
@ጎሚስታ አመሰግናለሁ ጋሼ፣ ጥሩ አመጣህ። የዚያ ጥላሸት ቅንጣቶች አብዛኞቹ በአሥር ቤት በሚቆጠር ናኖሜትር የሚለኩ ናቸው። እንግዲህ በዓለም ላይ በብዛት ከሚመረቱት የናኖ ዕቃዎች አንዱ «ሃይ ቴክ» ብሎ ማንም የማይጠራው ጥላሸት ነው። እና እንደ ሌላው ማስታወቂያ «ናኖ ጎማ» ብሎ የሚሸጥ የለም፣ ያስቃል።

የመሪጌታው_ልጅ
እንግዲያውማ እኛም አለንበት 😀 የብራና መጻፊያ ጥቁር ቀለም ዋናው ነገሩ ጥላሸት ነው። አባቴ ከምጣድና ከድስት ቂጥ እየተፋቀ፣ ከተቆላ እህል ጋር ተፈጭቶ ተቦክቶ ረጅም ጊዜ እንዲቆይ ሲያደርግ አይቻለሁ። ብዙ በታሸ ቁጥር ብዕሩ ላይ ይለሰልሳል ይላል። የጥንት ብራና ላይ ቀይ ቀለሙ ሲደበዝዝ ጥቁሩ እንዳለ የሚቆየው ለዚህ ይሆን?

ብርሌ
@የመሪጌታው_ልጅ ጥቁሩ ካርቦን ስለሆነ ነው። ካርቦን ፀሐይም አየርም ብዙ አያደርገውም። ማሸቱ ደግሞ የተጓጎለውን ጥላሸት ለመበተን ነው፣ ዛሬ እኛ ላብራቶሪ ውስጥ በማሽን የምንታገለው ነገር። የናኖ ቅንጣት ትልቁ አመሉ ተመልሶ መጓጎል ነው። ያባትህ ሙያ ስም የሌለው የናኖ ሥራ ነው ብል አላፍርም።

ጤና_ኬላ
እኔ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነኝ፣ ወባ ያለበት ቆላ ወረዳ። የቀይ ወርቁን ሳነብ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ሥልጠና ላይ አንድ ሰው የወባ መመርመሪያው፣ እኛ አርዲቲ የምንለው፣ ላይ የምትወጣው ቀይ መስመር ወርቅ ናት ሲለን ሁላችን ሳቅን። እውነት ነው እንዴ?

ላላያችሁ፣ ሥራው እንዲህ ነው። ከረጢቱን ቀድደን ነጩን ካሴት ጠረጴዛ ላይ እናስቀምጣለን፣ የታማሚውን ጣት እንወጋለን፣ ጠብታዋን በትንሿ መቅጃ ወስደን ጉድጓዷ ላይ እናሳርፋለን፣ ከዚያ ከጠርሙሷ ፈሳሹን እናንጠባጥባለን። ፈሳሹ በወረቀቱ ላይ ቀላ እያለ ሲሄድ በዓይን ይታያል። መጀመሪያ መስኮቷ በሙሉ ሮዝ ትመስላለች፣ ቀስ በቀስ ትጠራና መስመሮቹ ብቻ ይቀራሉ። 15፣ 20 ደቂቃ ነው የምንጠብቀው። ልጅ የታቀፈች እናት ካሴቷን አፍጥጣ ነው የምታየው፣ ከእኔ በፊት መስመሯን የሚያዩ አሉ።

ብርሌ
እህቴ፣ ያሠለጠነሽ ሰው እውነቱን ነው። በብዙዎቹ መመርመሪያዎች ላይ የሚታየው ቀይ የወርቅ ናኖ ቅንጣት ነው። የወባ ተህዋሲ ደም ውስጥ የሚለቀው ፕሮቲን አለ። ካሴቷ ውስጥ፣ ደሙ የሚያልፍበት ቦታ ላይ፣ ወርቅ የደረቀበት ስፍራ አለ፤ እያንዳንዱ የወርቅ ቅንጣት ያንን ፕሮቲን ለይቶ የሚይዝ አንቲቦዲ የሚባል ሞለኪውል ለብሷል። ፈሳሹ ሲመጣ ወርቁን ይዞት ይነሳል። የወባ ፕሮቲን ካለ ወርቁ ይይዘዋል። መስመሯ ላይ ደግሞ ሌላ አንቲቦዲ ተተክሎ ይጠብቃል፣ ያንን ፕሮቲን በሌላ በኩል ይይዘዋል፣ ወርቁም አብሮ እዚያው ይቆማል። አንድ ቅንጣት አይታይም፣ ብዙ ሲከማች ግን ቀይ መስመር ይሆናል። ፕሮቲኑ ከሌለ ወርቁ አልፎ ይሄዳል። የእርግዝና ምርመራም፣ ኮቪድ ጊዜ አፍንጫችን ውስጥ የገባው ፈጣን ምርመራም አሠራሩ ይሄው ነው፣ አንዳንዱ በወርቅ ፋንታ ባለቀለም የፕላስቲክ ቅንጣት ይጠቀማል።

የጎፋው_ልጅ
ቆይ ቆይ። ወርቅ ከሆነማ ካሴቱን ለምን ትጥሉታላችሁ? አድራሻ ላኩልኝ እኔ ልሰብስብ 😂

ብርሌ
😂 አንድ ካሴት ውስጥ ያለው በማይክሮግራም የሚቆጠር ነው። የታክሲህን እንኳ አይሸፍንም። ደግሞ ደም የነካ ነገር ነው፣ ተወው።

ጤና_ኬላ
ካሴቱ የሚቃጠል እንጂ የሚሰበሰብ አይደለም ወንድሜ 😊 ብርሌ እግዜር ይስጥልኝ፣ አሁን ለእናቶቹ ስነግራቸው ደስ ይላቸዋል። አንድ ነገር ልጨምር። ሲ የሚል ፊደል ያለበት መስመር ካልወጣ ምርመራው ውድቅ ነው፣ በሌላ ካሴት መደገም አለበት። ሌላው፣ ፋልሲፓረም የሚባለው ወባ የሚያስታውቅበትን ፕሮቲን መሥራት ያቆመ ዝርያ ኤርትራና ሰሜን ኢትዮጵያ ውስጥ ተገኝቷል። ያንን ፕሮቲን ብቻ የሚፈልግ ካሴት ወባው እያለ የለም ይላል ማለት ነው። ስለዚህ ትኩሳቱ ካልበረደ «ኔጌቲቭ ብሎኛል» ብላችሁ ቤት አትቀመጡ፣ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱና በማይክሮስኮፕ ይታይ።

ተጠራጣሪው
እሺ ይሄን ሁሉ ሰማን። ግን የናኖ ነገር ሲነሳ ክትባት ውስጥ ናኖ ቺፕ አለ የሚባለውን ለምን ትዘላላችሁ? ኮቪድ ጊዜ ሁላችንም ሰምተናል። መልስ ያለው ይምጣ።

ፋርማሲስቷ
አልዘለልነውም፣ ማንም አላነሳውም ነበር። ፋይዘርና ሞደርና ክትባት ውስጥ ናኖ ቅንጣት አለ፣ እውነት ነው። ግን ስብ ነው። አራት ዓይነት የስብ ሞለኪውል ተሰባስቦ 100 ናኖሜትር አካባቢ የሆነች ኳስ ይሠራል፣ ውስጧ ሴላችን የቫይረሱን ፕሮቲን እንዲሠራ የሚነግረው፣ ኤም አር ኤን ኤ የሚባለው መልእክት ይቀመጣል። ያ መልእክት ብቻውን ቢወጋ ሰውነታችን ወዲያው ይቆራርጠዋል፣ ሴል ውስጥም አይገባም። ስቡ ነው ጠብቆ የሚያስገባው። ክትባቱ ያንን ያህል ቅዝቃዜ የፈለገውም መልእክቱም ስቡም ቶሎ ስለሚበላሹ ነው። ቺፕ ኃይል ይፈልጋል፣ አንቴና ይፈልጋል፤ በዚያች መጠን የስልክ ኔትወርክ የሚይዝ ነገር ማንም የለውም። አዲስ አበባ መሃል ቆመን ስልካችን ራሱ አልይዝ እያለ 🙄

ደግሞ ወደ አገራችን ከሁሉ ቀድሞ የገባው የኮቪድ ክትባት፣ በ2013 ዓ.ም.፣ አስትራዜኔካ ነበር። እሱ መልእክቱን የሚያስገባው እንዳይራባ በተደረገ ሌላ ቫይረስ ነው እንጂ የስብ ኳስ የለውም። ስለዚህ ያኔ አስትራዜኔካ ተወግቶ «ናኖ ገባብኝ» ያለ ሰው ያልገባበትን ነው ያማረረው።

ተጠራጣሪው
የኔትወርኩን ነገር አሸንፈሽኛል። በሌላው ላይ አስብበታለሁ።

ሹሩባ
ሰላም፣ እኔ ሳሎን ነው የምሠራው። የጎፋው ልጅ እህትህ ቀጠሮዋን ከመሄዷ በፊት ይሄን ታንብብ። ናኖፕላስቲያ ብለው የሚያመጡልን ምርት ጠርሙሱ ላይ «ፎርማሊን የለውም፣ ናኖ ነው፣ ተፈጥሯዊ ነው» ይላል። ስንሠራው ግን በፕያስትራው ሙቀት ሲነካ የሚወጣው ጭስ ዓይን ያቃጥላል፣ እኛ መስኮት ከፍተን ነው የምንሠራው፣ አንዳንዷ ደንበኛ እያነባች ትጨርሳለች። ውስጡ ምንድነው ብዬ አስመጪውን ስጠይቅ «ናኖ ነው አልኩሽ» ነው መልሱ። ናኖ ከሆነ ምኑ ነው የሚያቃጥለን?

ሐይፋ_ነኝ
@ሹሩባ እህቴ፣ ጠርሙሱን ገልብጪና ግላይኦክሲሊክ አሲድ የሚል ፈልጊ። ናኖፕላስቲያ ተብለው የሚሸጡት አብዛኞቹ ዋና መሣሪያቸው እሱ ነው። ፀጉሩን የሚያስተኛው አሲዱና ሙቀቱ ነው፣ ናኖው ከስሙ በቀር እምብዛም ሥራ የለውም። በሙቀት ሲመታ ደግሞ ራሱ ፎርማልዴሃይድ ሊለቅ ይችላል፣ «የለውም» የተባለው ማለት ነው። ዓይናችሁን የሚያቃጥለው ከዚያ ወገን ነው።

እዚህ እስራኤል የኩላሊት ሐኪሞች ፀጉር ከማስተኛት በኋላ በድንገት ኩላሊታቸው የደከመ ከ20 በላይ ሰዎችን መዝግበው አሳትመዋል። በ2024 ደግሞ በሌላ አገር የታተመ የአንዲት ሴት ጉዳይ አለ፣ በተለያየ ጊዜ ሦስት ጊዜ ተሠርታ ሦስቱንም ጊዜ ኩላሊቷ ተጎድቷል፣ ምርቱ ይሄው አሲድ ነበረበት። አሲዱ በራስ ቆዳ ገብቶ ኦክሳሌት ወደሚባል ነገር ይለወጣል፣ ኩላሊት ውስጥ እንደ ጠጠር ይከማቻል። እኛ ቤተ እስራኤል ሴቶች ፀጉራችንን ለማስተኛት ብዙ ነው የምንከፍለው፣ ስለዚህ ለእህቶቼ ሳልነግር አላልፍም። ከሠራችሁ በኋላ ማቅለሽለሽ፣ የሆድ ወይም የጎን ሕመም ከመጣ ለሐኪሙ ፀጉር መሠራታችሁን ንገሩት። ካልነገራችሁት ከየት ያውቃል?

የጎፋው_ልጅ
ለእህቴ ልኬላታለሁ። «ከሠርጉ በኋላ ባነበው ምን ነበረበት» አለች። ቀጠሮውን ግን ሰርዛለች።

ሹሩባ
ሐይፋ ተባረኪ። ነገ ጠርሙሶቹን በሙሉ ገልብጬ ነው የማነበው። የራስ ቆዳ ሳይነካ ከሥሩ ራቅ ብሎ መቀባት የሚባለው ለካ ለዚህ ነው።

ጎሚስታ
ወደ መኪናው እንመለስ እንጂ፣ ሴራሚኩ ሳይመለስለት። እኔ ጋ የሚመጡ ደንበኞች ስለሚጠይቁኝ ብዙ አይቻለሁ። ነገሩ የሲሊካ፣ የአሸዋና የመስታወት ዋናው ቁስ፣ ዘር የሆነ ፈሳሽ ነው፣ ሲደርቅ ቀለሙ ላይ በጣም ስስ መስታወት መሳይ ሽፋን ይሆናል። በደንብ ከተሠራ ጥሩ ነው፤ ውሃ ይንከባለላል፣ ጭቃ ቶሎ ይለቃል፣ የወፍ ኩስ ቀለሙን ቶሎ አይበላውም። ጭረት አያውቅም የሚሉት ግን ውሸት ነው። ከፊት ያለ ሲኖትራክ ጠጠር ቢተኩስብህ ያው ይላጣል። «9ኤች» እያሉ የሚያስፈራሩት ጥንካሬ የሚለካው በእርሳስ ነው፣ የእርሳስ ጫፍ ጫረው አልጫረው የሚባል ፈተና። ሰው ግን ከአልማዝ ቀጥሎ ያለ ይመስለዋል።

ብርሌ
ልክ ነው። የስልኩ ፈሳሽ ፕሮቴክተርም ያው ዘመዱ ነው፤ ጣት እንዲንሸራተት፣ ቅባት እንዳይይዝ ያደርጋል። ብርጭቆው ፕሮቴክተር ስልክህ ሲወድቅ እሱ ተሰብሮ ያድንሃል፤ ከፀጉር እጅግ የሳሳ ቅብ ግን ምኑን ይሰበርልሃል? ስልክ የሚጥል ሰው ከሆንክ ብርጭቆውን አስለጥፍ።

ጎደሬ_ተካይ
ውሃ መንከባለሉን በነፃ ማየት ለሚፈልግ የጎደሬ ቅጠል ይፈልግ። ወላይታ ነው ያለሁት፣ ጓሮዬ ሞልቷል። ጠዋት ላይ ውሃ ጠብ አድርጉበት፤ አይዘረጋም፣ እንደ ብር ዶቃ ተድቦልቡሎ ይቆማል፣ ቅጠሉን ስታዘነብሉት አቧራውን እየለቀመ ይወርዳል። ቅጠሉ ከዝናብ በኋላ ሁሌ ንጹሕ ነው። አሁን ደግሞ አንድ ቦታ በአውራ ጣታችሁ ጠንከር አድርጋችሁ እሹት። እዚያች የታሸችው ቦታ ላይ ውሃው ይጣበቃል፣ ሌላው ቦታ እንደ ድሮው ይንከባለላል። ልጆቼ በዚህ ነው የሚጫወቱት። ምክንያቱን ግን አላውቀውም።

ብርሌ
ወይ ጎደሬ! ይሄ ነገር በአውሮፓ በሎተስ ቅጠል ስም ነው የታወቀው፤ ባርትሎት የሚባል ጀርመናዊ የዕፅዋት ተመራማሪ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አይቶ ነው ምስጢሩን ያወጣው፣ ጎደሬም ከዚሁ ወገን ነው። ቅጠሉ ላይ በማይክሮሜትር የሚለኩ እብጠቶች አሉ፣ በላያቸው ደግሞ በናኖሜትር የሚለካ የሰም ፀጉር በቅሏል። ጠብታው ጫፍ ጫፉን ብቻ ነክቶ በአየር ላይ ነው የተቀመጠው። ስታሸው ሰሙ ተላጠ፣ ውሃው ገጹን አገኘው፣ አለቀ። መኪና ላይ የሚቀባውም ሲፋቅ እንዲሁ ነው፣ ልዩነቱ ጎደሬው ሰሙን ራሱ መልሶ ያበቅላል፣ መኪናህ ግን ድጋሚ ያስከፍልሃል።

ሜሪላንድ_ሰፈር
ከዲሲ አካባቢ ነኝ። ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ የፀሐይ ክሬም። ዚንክ ኦክሳይድ ያለበት ድሮ ፊታችንን ኖራ የተቀባ ያስመስለን ነበር፣ ጥቁር ሰው ላይ ደግሞ ግራጫ ይሆናል። አሁን የሚጠፋው ቅንጣቱ ናኖ ስለሆነ ነው። የምናየው ብርሃን ሞገድ ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር ነው፣ ከዚያ በጣም ያነሰ ቅንጣት ብርሃኑን አይበትነውም፣ አልትራቫዮሌቱን ግን ይይዘዋል። እኛ ለውበት ነው የምንጨነቅበት፤ አገር ቤት ያሉ አልቢኒዝም ያለባቸው ወገኖቻችን ግን ከቆዳ ካንሰር የሚጠብቃቸው ይሄ ክሬም ነው፣ ለእነሱ የቅንጦት ዕቃ አይደለም። ስትመጡ ሻንጣ ውስጥ ከሽቶው ቀንሳችሁ እሱን ያዙ።

ሁለተኛ የስልክ ቺፕ። «3 ናኖሜትር» የሚባለው የትውልድ ስም ነው እንጂ ውስጡ 3 ናኖሜትር የሆነ ክፍል አለ ማለት አይደለም። የትራንዚስተሮቹ፣ ማለትም ኤሌክትሪክን የሚከፍቱና የሚዘጉ ደቃቅ ማብሪያ ማጥፊያዎቹ፣ በሮች የተራራቁት ወደ 50 ናኖሜትር በሚጠጋ ነው። ያም ሆኖ በ2023 የወጣው አይፎን 15 ፕሮ ቺፕ ውስጥ 19 ቢሊዮን ትራንዚስተር አለ። ስሙ የተጋነነ ነው፣ ሥራው ግን አልተጋነነም።

ፍልቅልቋ
ቲቪ ላይ ኪውሌድ የሚሉትስ? እሱም ናኖ ነው ብለው ነው ዋጋውን የሰቀሉብን።

ብርሌ
ኳንተም ዶት ያለበት ከሆነ አዎ፣ እሱ እውነተኛው ነው። ከአንድ ዓይነት ቁስ የተሠራ ቅንጣት ነው፤ 2 ናኖሜትር አካባቢ ሲሆን ሰማያዊ ያበራል፣ 6 አካባቢ ሲደርስ ቀይ። ቀለሙን የሚወስነው መጠኑ ብቻ ነው። የ2023 የኬሚስትሪ ኖቤል ለዚህ ነው የተሰጠው፣ ለባዌንዲ፣ ለብሩስ እና ለኤኪሞቭ። ዋጋው ግን የሻጩ ጉዳይ ነው፣ እኔን አትጠይቂኝ።

እናት_ዓለም
ልጆቼ፣ ይሄን ሁሉ ስታወሩ ጉዳቱን ማንም አላነሳም። ልቅ ሆኖ የሚበን ያልከው ነገር አስጨንቆኛል። ልጄ የብር ናኖ ካልሲ፣ እግር አያሸትም የሚባል፣ ከዱባይ አምጥቶልኛል። ምን ይሆን?

ብርሌ
እማማ፣ ካልሲው እርስዎን አይጎዳዎትም፣ ያድርጉት። ብር ባክቴሪያ ይገድላል፣ ለተቃጠለ ቁስል ሐኪም ቤትም ይሠሩበታል። ችግሩ እጥበቱ ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር በ2008 የአሪዞና ተመራማሪዎች እንደዚህ ያሉ ካልሲዎችን በውሃ አጥበው ነበር፤ አንዳንዱ ብሩን በጥቂት እጥበት ጨርሶታል፣ አንዳንዱ እምብዛም አልለቀቀም። የሚለቀው ካልሲ ብሩን ወደ ወንዝ ይልካል፣ እርስዎም ተራ ካልሲ ይዘው ይቀራሉ።

የሚበላውም አለ። ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ፣ ማስቲካና ከረሜላ የሚያነጣው፣ ማሸጊያው ላይ ኢ171 ተብሎ የሚጻፈው፣ ከፊሉ ናኖ ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2022 ከምግብ አስወጥቶታል፣ ሌሎች ብዙ አገሮች ግን ይፈቅዱታል። ለልጅ ልጆችዎ ከረሜላ ሲገዙ ቁጥሯን ይዩ።

ግን እማማ፣ ልቅ የናኖ ቅንጣት ካስጨነቀዎት ከካልሲው በፊት ማድ ቤቱን ይዩ። የእንጨትና የኩበት ጭስ ውስጥ ከ100 ናኖሜትር በታች የሆነ ጥላሸት ሞልቷል፣ ሳንባ ጥግ ድረስ ይገባል። ያው ካርቦን ጎማ ውስጥ ታስሮ ሲቀመጥ አገልጋይ ነው፣ ጭስ ሆኖ ሲተነፈስ ገዳይ ነው።

ጤና_ኬላ
ስለ ጭሱ እውነቱን ነው እማማ፣ ልጆች በሳምባ ምች የሚመጡብን ከእንደዚያ ያለ ቤት ነው። ብርሌ፣ ዝሆኔስ? እኛ አካባቢ በባዶ እግር ቀይ አፈር ሲረግጡ የኖሩ ገበሬዎች እግራቸው የሚያብጠው፣ ፖዶኮኒዮሲስ የሚባለው፣ ከአፈሩ ደቃቅ ነገር በቆዳ እየገባ ነው ብለው አስተምረውናል።

ብርሌ
አዎ፣ ከእሳተ ገሞራ የመጣ አፈር ውስጥ ያለ የማዕድን ብናኝ ነው ተጠርጣሪው። ናኖ ከሚባለው መጠን ግን ይበልጣል፣ ማይክሮሜትር አካባቢ ነው። መከላከያው የምታውቂው ነው፣ ጫማና በሳሙና መታጠብ።

ሦስተኛ_ዓመት
እኔ ተማሪ ነኝ፣ ማቴሪያል ሳይንስ። አገራችን ውስጥ ይሄ ነገር ይሠራል ወይ ለምትሉ፣ አዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የናኖቴክኖሎጂ የልህቀት ማዕከል አለው፣ ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎችም ላይ ከቅጠል ጭማቂ የብርና የዚንክ ቅንጣት የሚሠሩ ብዙ ናቸው። መሥራቱ አይከብድም። የሚከብደው የሠራኸውን ማየት ነው። ጥሩ ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ውድ ነው፣ መብራት ሲቆራረጥ ይታመማል፣ መለዋወጫው በዶላር ነው። ስለዚህ ናሙና ፖስታ ውስጥ ከትተን ውጭ አገር ላለ ወዳጅ እንልካለን፣ ፎቶው እስኪመጣ እንጸልያለን።

የዝዋይ_ዓሣ
እኔ የምጠይቀው ውሃ ነው። እኛ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነን። የጉድጓዱ ውሃ ፍሎራይድ አለበት፣ የልጆቹ ጥርስ ቡናማ ነው፣ ሽማግሌዎቹ ወገባቸው አይታጠፍም። ስብሰባ ላይ አንድ ሰው «ናኖ ማጣሪያ መጥቷል» አለን። እንመን?

ብርሌ
ወንድሜ፣ እዚህ ላይ ሳይንሱ እውነተኛ ሥራ አለው። የዓለም ጤና ድርጅት ገደብ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው፣ የእናንተ አካባቢ ብዙ ጉድጓድ ከዚያ ያልፋል። ፍሎራይድ በማፍላት አይወጣም፣ ይባስ ይወፍራል። የሚይዘው ገጽ ያስፈልገዋል። የተቃጠለ አጥንት ከሰል በዚህ መንገድ ይሠራል፣ እናንተ ዘንድም ተሞክሯል። በናኖ መጠን የተሠራ የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ደግሞ ገጹ ስለሚበዛ በትንሽ ክብደት ብዙ ይይዛል። ታንዛኒያ ውስጥ አስክዋር ሂሎንጋ የሚባል ኬሚካል መሐንዲስ አሸዋና ናኖ ቁስ አጣምሮ፣ እንደየአካባቢው ውሃ የሚስተካከል ማጣሪያ ሠርቶ በፈረንጅ አቆጣጠር በ2015 የአፍሪካ ምህንድስና ሽልማትን አሸንፏል።

ስብሰባው ላይ ግን እነዚህን ጠይቁ። ቁሱ ምንድነው? የእኛ ውሃ ላይ ተለክቷል ወይስ የሌላ አገር ውጤት ነው የምታሳዩን? ስንት ጀሪካን ካጣራ በኋላ ይሞላል?

የዝዋይ_ዓሣ
የሚሞላ ነው እንዴ? እሱን አልነገሩንም።

ብርሌ
ሁሉም ይሞላል። ገጹ በፍሎራይድ ሲያዝ ሌላ አይቀበልም፣ ውሃው ግን እንደ ድሮው ኩልል ብሎ ይወርዳል፣ ፍሎራይድ ጣዕምም ቀለምም ስለሌለው ማንም አያውቅም። ስለዚህ በየጊዜው የሚለካ ሰውና መለኪያ፣ ቁሱን የሚቀይር በጀት፣ የተቀየረው የሚጣልበት ቦታ፣ እነዚህ በውል ካልተጻፉ አትፈርሙ።

የዝዋይ_ዓሣ
ስብሰባው ሐሙስ ነው። ይሄን አትሜ ለውሃ ኮሚቴው ሰብሳቢ እሰጠዋለሁ። መልሳቸውን እዚሁ እጽፋለሁ።